ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት ዚፑን ክፈቱት፦ በውጊያ ሲሙሌተር ላይ የጦር አውሮፕላንና ሲነሪ አጨማመር

የውጊያ በረራ ሲሙሌተር የሚወድ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ተጨማሪ አውሮፕላንና ሲነሪ፣ ማለትም የሚበርበትን መሬትና አየር ማረፊያ፣ መፈለጉ አይቀርም። ማይክሮሶፍት በ2000 ያወጣውን ኮምባት ፍላይት ሲሙሌተር 2 ውሰዱ። የፓስፊክን ጦርነት ይዞ ይመጣል፣ እናንተ የምታበሩት ግን ሰባት ተዋጊ አውሮፕላን ብቻ ነው። ዳውንትለስ ቦምብ ጣዩ ከጎናችሁ ይበራል፣ የጃፓኑ ቫል ከፊታችሁ ያልፋል፣ ኮክፒታቸው ውስጥ ግን መግባት አይቻልም። ይህን ክፍተት የሞሉት ደሞዝ ሳይከፈላቸው ማታ ማታ ቁጭ ብለው ሞዴል የሚሠሩ፣ ቀለም የሚቀቡ፣ ድምፅ የሚቀርጹ ሰዎች ናቸው። ሥራቸው ዛሬም ይወርዳል፣ ዛሬም ይበራል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው አጫጫኑ ላይ ነው። ዚፑን ያወርዳል፣ ዝም ብሎ የጌሙ ፎልደር ውስጥ ይዘረግፈዋል፣ አውሮፕላኑ ሜኑው ላይ ሳይታይ ሲቀር «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም፣ የገባበት ቦታ ነው ልክ ያልሆነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ ያዙ። ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት ዚፑን ክፈቱና ውስጡን በደንብ እዩት። የፎልደሮቹ አደራደር የት መግባት እንዳለበት ራሱ ይነግራችኋል። ከታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ ጌሙ ራሱ ይስተካከል

አዲስ ነገር ከመጨመራችሁ በፊት ጌሙ እንዳለ፣ ያለምንም ተጨማሪ፣ በትክክል መሥራት አለበት። ኩባንያው ያወጣቸውን ማስተካከያዎች (ፓቾች) ጫኑ፣ አንድ ሁለት ሚሽን ብረሩ፣ ምስሉም ድምፁም ጆይስቲኩም ደህና መሆኑን አረጋግጡ። ይህ ካልተደረገ ኋላ ችግር ሲመጣ ጥፋቱ የጌሙ ይሁን የአድኦኑ፣ ማለትም የጨመራችሁት ነገር፣ መለየት አይቻልም።

አሮጌ ጌም በዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ ኢንስቶለሩ በራሱ የሚመርጠው ፕሮግራም ፋይልስ የሚባለውን ፎልደር ነው። እሺ አትበሉት። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ይህ ፎልደር ጥበቃ አለው፣ አሮጌ ፕሮግራም እዚያ ውስጥ ሊጽፍ ሲሞክር ዊንዶውስ ምንም ሳይናገር ፋይሉን ቨርቹዋል ስቶር ወደሚባል የተደበቀ ቦታ ያዞረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ አያድርስ ነው። የአንድ ፋይል ሁለት ቅጂ ይኖራል፣ እናንተ አንዱን ታስተካክላላችሁ፣ ጌሙ ሌላኛውን ያነባል፣ ምንም ብትቀይሩ ምንም አይቀየርም። መፍትሔው ቀላል ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ወይም ሌላ ዲስክ ላይ ጌምስ የሚል ፎልደር ክፈቱና እዚያ ጫኑት።

ቀጥሎ ቅጂ። ኮምባት ፍላይት ሲሙሌተር 2ን ለዓመታት የሚጫወቱ ሰዎች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው፣ እኔም በጣም የምወደው ነው። የተጫነውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርገው ሁለተኛና ሦስተኛ ጌም ያዘጋጃሉ። አንዱ ለ1942ቱ የሰሎሞን ደሴቶች ውጊያ፣ ሌላው ለ1944ቱ አውሮፓ፣ ሌላው ለኮሪያ። እያንዳንዱ የራሱ አውሮፕላኖችና የራሱ ሲነሪ አለው። ጓዳልካናል ላይ እየበረራችሁ ሜኑው ውስጥ ጄት አይገጥማችሁም፣ አንዱ ቢበላሽ እሱን ብቻ አጥፍታችሁ ከንጹሑ ቅጂ እንደገና ትጀምራላችሁ። ጌሙ በዛሬ ዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ ኢምንት ስለሆነ በቅጂ ላይ አትሰስቱ።

አዳዲሶቹ ጌሞች ግን በጣም ትልልቅ ስለሆኑ እንዲህ ማባዛት አይመችም። ለእነሱ ሞድ ማኔጀር፣ ማለትም ተጨማሪዎቹን (ሞዶቹን) የሚያስገባና የሚያወጣ ፕሮግራም፣ ተጠቀሙ። ጄኤስጂኤምኢ የድሮው ነው፣ ኦፕን ሞድ ማኔጀር ደግሞ አዲሱ፣ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። አሠራራቸው አንድ ነው። ሞዱን በጌሙ የፎልደር አደራደር ልክ ታስቀምጡለታላችሁ። ስታበሩት ፋይሎቹን ወደ ጌሙ ይገለብጣል፣ የሚተካቸውን ዋና ፋይሎች ደግሞ ለብቻ ያስቀምጣል። ስታጠፉት ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሳል። ሁለት ሞዶች አንድን ፋይል የሚነኩ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል፣ እሱን አንብቡት እንጂ ዝም ብላችሁ እሺ አትጫኑ። ስታጠፉም መጨረሻ ካበራችሁት ጀምሩ። ጌሙ አዲስ ማሻሻያ ሲመጣለት ደግሞ መጀመሪያ ሞዶቹን በሙሉ አጥፉ፣ ከዚያ አሻሽሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሱ።

የአውሮፕላኑ ዚፕ ውስጥ ምን አለ

አንድ የኮምባት ፍላይት ሲሙሌተር 2 አውሮፕላን ስትከፍቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፎልደር ታገኛላችሁ። ውስጡ ሞዴል፣ ቴክስቸር፣ ፓነል እና ሳውንድ የሚባሉ ፎልደሮች አሉ። ከእነሱ ጎን ሦስት ነጠላ ፋይሎች ይታያሉ። አንዱ ኤርክራፍት.ሲኤፍጂ ነው። ሁለተኛው በ.ኤር የሚያልቀው፣ አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚበር የሚወስነው። ሦስተኛው በ.ዲፒ የሚያልቀው፣ መሣሪያውን፣ የሚሸከመውን ቦምብና ሲመታ የት የት እንደሚጎዳ የያዘው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ፎልደር ከተሰበሰቡ ያ ፎልደር እንዳለ፣ ሳይበተን፣ በጌሙ ኤርክራፍት ፎልደር ውስጥ ይገባል። በቃ።

እዚህ ላይ የሚገጥመው ዋናው ችግር ድርብ ፎልደር ነው። ዚፑን የሚፈታው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ በዚፑ ስም አንድ ተጨማሪ ፎልደር ይፈጥርና አውሮፕላኑን እሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጌሙ ኤርክራፍት ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያውን ፎልደር ይከፍታል፣ ኤርክራፍት.ሲኤፍጂን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ያልፋል። እናንተ ስታዩት ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ያለ ይመስላችኋል። ስለዚህ የምትፈትሹት አንድ ነገር ነው፤ ኤርክራፍት ፎልደር፣ ቀጥሎ የአውሮፕላኑ ፎልደር፣ ቀጥሎ ወዲያው ኤርክራፍት.ሲኤፍጂ። መሀል ላይ ሌላ ፎልደር ካለ አውጡት።

አሁን ኤርክራፍት.ሲኤፍጂን በኖትፓድ ክፈቱት። ከላይ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ፍልትሲም.0 የሚል ርእስ አለ። ከሥሩ ጥቂት መስመሮች ታያላችሁ። ታይትል የሚለው አውሮፕላኑ የሚታወቅበት ስም ነው፣ ከሌላ አውሮፕላን ጋር መመሳሰል የለበትም፣ ከተመሳሰለ ጌሙ ይምታታበታል። ሲም የሚለው የኤር ፋይሉን ስም ይይዛል፣ ያለ ነጥቡና ያለ ኤክስቴንሽኑ። እዚህ የተጻፈው ስምና ፎልደሩ ውስጥ ያለው የኤር ፋይል ስም በአንድ ፊደል ከተለያዩ አውሮፕላኑ አይመጣም። ሞዴል፣ ፓነል፣ ሳውንድ፣ ቴክስቸር የሚሉት መስመሮች ደግሞ ከእኩል ምልክቱ በኋላ ባዶ ከሆኑ ተራውን ፎልደር ተጠቀም ማለት ነው። ቴክስቸር ከሚለው ፊት ለፊት ዊንተር ተብሎ ከተጻፈ ግን ጌሙ የሚፈልገው ቴክስቸር.ዊንተር የሚባል ፎልደር ነው። አውሮፕላን ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ቀለም አልባ ከታየ መጀመሪያ የምታዩት ይህን መስመር ነው።

ድምፅ የሌለው አውሮፕላንስ? የሳውንድ ፎልደሩን ክፈቱ። ሠሪዎች ፋይሉ እንዳይከብድ ብለው የራሳቸውን ድምፅ ከማስገባት ይልቅ ሳውንድ.ሲኤፍጂ ውስጥ አሊያስ የሚል አንድ መስመር ይጽፋሉ፣ «የእከሌን አውሮፕላን ድምፅ ተዋስ» ማለት ነው። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ለማይክሮሶፍት ሲቪል ፍላይት ሲሙሌተር የተሠራ ከሆነ አሊያሱ ለምሳሌ ሊርጄትን ሊጠቅስ ይችላል፣ እናንተ የውጊያ ጌም ውስጥ ደግሞ ሊርጄት የለም። መስመሩን በጌማችሁ ውስጥ ወዳለ አውሮፕላን፣ ለምሳሌ ወደ ኮርሴር ወይም ወደ ሄልካት፣ ቀይሩት። ፓነሉም እንዲሁ ነው። ፓነሉ ላይ መሣሪያ መኖር የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ከታየ ግን የጎደለው በ.ጋው የሚያልቅ የጌጅ ፋይል ነው፣ እሱም የሚገባው በጌሙ ጌጅስ ፎልደር ውስጥ ነው እንጂ በአውሮፕላኑ ውስጥ አይደለም።

ከሲቪሉ ሲሙሌተር አውሮፕላን ስለማምጣት ከተነሣ፣ ለፍላይት ሲሙሌተር 98 እና 2000 ዘመን የተሠሩት ብዙዎቹ ይከፈታሉ። ለ2004ቱ የተሠሩት ግን በአብዛኛው ሞዴላቸው አይነበብም፣ ጊዜ አትፍጁ። የሚከፈቱትም ቢሆኑ የዲፒ ፋይል ስለሌላቸው መሣሪያ የላቸውም፣ ሲመቱም የሚጎዱበት መንገድ አልተጻፈላቸውም። የቅርብ ዘመድ ከሆነ አውሮፕላን ዲፒ ተውሶ ማስተካከል ይቻላል። ፋይሉ በኖትፓድ የሚነበብ ጽሑፍ ስለሆነ ትዕግሥት ላለው ሰው ደስ የሚል ሥራ ነው።

በ2002 የወጣው ኮምባት ፍላይት ሲሙሌተር 3 አሠራሩ ይለያል። ዲፒው ኤክስዲፒ ሆኗል፣ ጌሙም እሱን አንብቦ ለራሱ በ.ቢዲፒ የሚያልቅ ፋይል ያዘጋጃል። ኤክስዲፒውን ቀይራችሁ ለውጡ ካልታየ የድሮውን ቢዲፒ አጥፉት፣ ጌሙ አዲስ ይሠራል።

መልኩ ብቻ አያታልላችሁ

አውሮፕላኑ ሜኑው ላይ መጣ፣ ያምራል፣ ጎማው ይታጠፋል፣ ኮክፒቱ ያበራል። ገና አልጨረሳችሁም። በእኔ እምነት አንድ አድኦን ዲስካችሁ ላይ መቆየት የሚገባው እንደ ስሙ የሚበር ከሆነ ብቻ ነው። ውብ ሆኖ እንደማንኛውም አውሮፕላን የሚበር ስፒትፋየር ቀለም የተቀባ ባዶ ነገር ነው። ይህን ለመለየት አብራሪ መሆን አያስፈልግም፣ ስለ አውሮፕላኑ ሁለት ሦስት እውነት ማወቅ ይበቃል።

ከመሣሪያው ጀምሩ፣ ቀላሉ እሱ ነው። ስፒትፋየር ማርክ 1 ስምንት ብራውኒንግ መትረየስ አለው፣ ለእያንዳንዱ 300 ጥይት። ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 1,150 ጥይት ስለሆነ ጣታችሁን ሳታነሡ ብትተኩሱ 15 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ያልቃል። ሰዓት ይዛችሁ ተኩሱ። አንድ ደቂቃ ከቆየ ሠሪው ቁጥሩን በግምት ሞልቶታል። የጃፓኑ ዜሮ ኤ6ኤም2 ደግሞ ክንፉ ላይ ባሉት ሁለት 20 ሚሊሜትር መድፎች ለእያንዳንዳቸው 60 ጥይት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሰባት ሰከንድ ገደማ። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት አፍንጫው ላይ ያሉት ሁለት ቀላል መትረየሶች ናቸው። ሙስታንግ ፒ-51ዲ ስድስት ባለ 12.7 ሚሊሜትር መትረየሶች አሉት፣ ጥይቱ በድምሩ 1,880 ነው። እነዚህን ከዲፒ ፋይሉ ጋር ማመሳከር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ጉዳቱ። የመጀመሪያዎቹ ዜሮዎች ለአብራሪው ብረት መከላከያ፣ ለነዳጅ ታንኩም ሲበሳ ራሱን የሚደፍን ሽፋን አልነበራቸውም፣ ረጅም ርቀት የሚበሩትና እንደ ልባቸው የሚታጠፉት በዚሁ ቅለታቸው ነው። ስለዚህ ከአሜሪካው ተዋጊ ከዋይልድካት አጭር ተኩስ የቀመሰ ዜሮ ነዳጁ ቶሎ በእሳት መያያዝ አለበት። ጥይት እንደ ዝናብ ወርዶበት ዝም ብሎ የሚበር ከሆነ ጨዋታው ተበላሽቷል፣ የታሪኩም ነገር ጠፍቷል።

የበረራው ፈተና የሚጥመኝ ግን ይሄኛው ነው። በስፒትፋየር ማርክ 1 ቀጥ ብላችሁ እየበረራችሁ ስቲኩን በድንገት ወደ ፊት ግፉት፣ ሰውነታችሁ ከመቀመጫው እንደሚነሣ ያህል። የዚያ ዘመን የመርሊን ሞተር ነዳጁን የሚያገኘው ተንሳፋፊ ባለው ካርቡሬተር ስለነበር አፍንጫው እንዲህ ሲደፋ ነዳጁ ይቋረጥና ሞተሩ ይጠፋፋል። ሜሰርሽሚት 109ኢ ደግሞ ነዳጅ በቀጥታ የሚረጭ ሞተር ስለነበረው ምንም አይሆንም። በ1940 የጀርመን አብራሪዎች ከኋላቸው ስፒትፋየር ሲጣበቅባቸው አፍንጫቸውን ደፍተው የሚያመልጡት በዚህ ነበር። እንግሊዞቹ ደግሞ መጀመሪያ አውሮፕላኑን በግልባጭ አዙረው ከዚያ እየሳቡ ነበር የሚከተሉት። በ1941 ለካርቡሬተሩ ነዳጅ የሚቆጣጠር ትንሽ ቀዳዳ ያለው ብረት ተሠርቶለት ችግሩ በጣም ተቃለለ። ያወረዳችሁት ማርክ 1 ሞተሩ ከተንተፋተፈ ሠሪው አውሮፕላኑን ያውቀዋል ማለት ነው፣ ያንን አድኦን አክብራችሁ አስቀምጡት። የማርክ 9 ስፒትፋየር ላይ ይህን ፈተና ሞክራችሁ ግን አትፍረዱ፣ እሱ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ዜሮን ደግሞ በፍጥነት ፈትኑት። በዝግታ ሲበር ኤይለሮኑ፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው የክንፉ ክፍል፣ ቀላል ነው፣ በጣት ይዞራል። ወደ ታች ተወርውሮ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ስቲኩ እየከበደ መሄድ አለበት፣ በግራና በቀኝ መገልበጡ ይቀንሳል። አሜሪካኖቹ ዜሮን ለማምለጥ ይወረወሩ የነበረው ለዚህ ነው።

ሲነሪ ሌላ ዓለም ነው

አውሮፕላን አንድ ፎልደር ነው፣ ይገባል፣ ይወጣል። ሲነሪ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል፣ ስለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚደናገረው። ከሥር የመሬቱ ከፍታ አለ፣ ሜሽ የሚባለው። እሱ ላይ የት ጫካ፣ የት እርሻ፣ የት ከተማ እንደሆነ የሚወስነው ላንድክላስ ይመጣል። ቀጥሎ የመሬቱ ሥዕል፣ ቴክስቸሩ። ከላይ ደግሞ አየር ማረፊያዎች፣ ድልድዮች፣ መርከቦች፣ የመድፍ ምሽጎች። ዚፑን ስትከፍቱ የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ እወቁ፣ አብሮ የሚመጣው የማብራሪያ ጽሑፍ፣ ሪድሚው፣ ብዙ ጊዜ ይናገራል።

በማይክሮሶፍቶቹ ላይ የሲነሪ ፋይል በ.ቢጂኤል ያልቃል። በደንብ የተዘጋጀ ሲነሪ አንድ ዋና ፎልደር አለው፣ ውስጡ ሲነሪ እና ቴክስቸር የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች። ቢጂኤሎቹ በመጀመሪያው፣ ሥዕሎቹ በሁለተኛው። ዋናውን ፎልደር በስሙ ለብቻ አስቀምጡት እንጂ ፋይሎቹን ከጌሙ የራሱ ፋይሎች ጋር አትደባልቁ። አንዴ ከተደባለቁ የትኛው የማን እንደሆነ ለይቶ ማውጣት አበሳ ነው። ከዚያ ሲነሪዎቹ ወደሚዘረዘሩበት የጌሙ ገጽ፣ ወደ ሲነሪ ላይብረሪ፣ ገብታችሁ አዲስ አካባቢ ጨምሩ። የምትመርጡት ዋናውን ፎልደር ነው፣ ሁለቱን ልጆቹን የያዘውን። ውስጥ ገብታችሁ ሲነሪ የሚለውን ከመረጣችሁ ሕንፃዎቹ ይመጡና ሥዕላቸው ይጠፋል።

ላይብረሪው ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይሸፍናል። ሜሽ ወደ ታች፣ ላንድክላስ ከእሱ በላይ፣ አየር ማረፊያዎች ከሁሉም በላይ። የሰፊ አካባቢ ሲነሪ ከአንዲት ደሴት ሲነሪ በላይ ከተቀመጠ ደሴቲቱ ላይ የተለፋበት ሁሉ ይደበቃል።

አዲስ ሜሽ ስትጨምሩ የሚመጣውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሲያዩት ያስደነግጣል። ትናንት ደህና የነበረው አየር ማረፊያ ዛሬ ጉድጓድ ውስጥ ይሰጥማል፣ ወይም ገደል ባለው ሰገነት ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ጌሙ አልተበላሸም። የአየር ማረፊያው ሠሪ መንደርደሪያውን ያስቀመጠው በድሮው ከፍታ ነው፣ አዲሱ ሜሽ ደግሞ መሬቱን ወደ ትክክለኛው ከፍታ አንሥቶታል ወይም አውርዶታል። ለአዲሱ ሜሽ የተስተካከለ አየር ማረፊያ ካለ እሱን ፈልጉ። ከሌለ ሜሹን ለዚያ አካባቢ ማጥፋት ይሻላል፤ ተራራው ጥቂት ቢደበዝዝ ይሻላል እንጂ ከጉድጓድ ተነሥቶ መብረር አይቻልም።

አዲስ አየር ማረፊያ በዓይን መታየቱ ብቻ አይበቃም። ኮምባት ፍላይት ሲሙሌተር 2 ሚሽን የሚጀመርባቸውን የአየር ኃይል ሰፈሮች የሚያውቀው ኢንፎ ፎልደር ውስጥ ካለው ኤርቤዝስ.ዳት ከሚባል ፋይል ነው። ሲነሪው ለዚህ ፋይል የሚጨመር ጽሑፍ ይዞ ከመጣ ጨምሩት፣ ሙሉ ፋይሉን ይዞ ከመጣ ግን ዝም ብላችሁ አትተኩ፣ ከዚህ በፊት የጨመራችኋቸው ሰፈሮች ሁሉ ከዝርዝሩ ይጠፋሉና። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታችሁ የጎደለውን ብቻ ኮፒ አድርጉ።

ዘመኑንም እዩ። ከሲቪሉ ሲሙሌተር ሲነሪ መዋስ ይቻላል፣ ግን ጓዳልካናል ላይ ያለው የሆኒያራ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ማለት በነሐሴ 1942 የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ከጃፓኖች የቀማው ሄንደርሰን ፊልድ ነው። የዛሬውን ካስገባችሁ የመንገደኞች ሕንፃና ሰፊ አስፋልት ጎን ዋይልድካቶችን ታቆማላችሁ። የ1942ቱ አቧራማ መንደርደሪያ በኮኮናት ዛፎች መሀል ነበር። ጦርነቱን በትክክል የሚያውቅ ሰው የሠራውን ሲነሪ መፈለግ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ዲሲኤስ ዎርልድ ላይ

አዲሱን ትውልድ የውጊያ ሲሙሌተር፣ ለምሳሌ ዲሲኤስ ዎርልድን፣ የምትጫወቱ ከሆነ መርሁ ያው ነው፣ ቦታው ይለያል። ዲሲኤስ ራሱ በነፃ ይወርዳል፣ ከእሱ ጋር ሱ-25ቲ እና ቲኤፍ-51ዲ አውሮፕላኖች፣ የካውካሰስና የማሪያናስ ካርታዎችም በነፃ ይገኛሉ። በበጎ ፈቃደኞች ከተሠሩት አውሮፕላኖች ደግሞ ኤ-4ኢ ስካይሆክን ሳትሞክሩ አትለፉ። ነፃ ነው፣ ኮክፒቱ በማውስ የሚነካ ሙሉ ኮክፒት ነው፣ ከብዙ የሚሸጥ ነገር የሚያንስ አይደለም።

እዚህ ሞድ የሚገባው ጌሙ በተጫነበት ቦታ አይደለም። በዊንዶውስ የተጠቃሚ ፎልደራችሁ ውስጥ ሴቭድ ጌምስ አለ፣ እሱ ውስጥ ዲሲኤስ የሚል ፎልደር። እዚያ ሞድስ የሚል ፎልደር ከሌለ ፍጠሩ፣ በውስጡም ኤርክራፍት የሚል። የአውሮፕላኑ ፎልደር የሚገባው እዚህ ነው። እዚህ የሚሠራው መታወቂያ ኤንትሪ.ሉዋ የሚባል ፋይል ነው። እሱን በቀጥታ የያዘው ፎልደር ነው ኤርክራፍት ውስጥ መቀመጥ ያለበት። ከኮድ ማከማቻ ሳይቶች የሚወርድ ዚፕ ውጭው ላይ ተጨማሪ ፎልደር ስለሚኖረው ያ የድርብ ፎልደር ጉዳይ እዚህም ይመጣል። ቦታው ልክ ከሆነ ጌሙ ሲከፈት የአውሮፕላኑ አርማ ዋናው ሜኑ ላይ ይታያል።

ሞድን ሴቭድ ጌምስ ውስጥ ማድረግ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ጌሙ ሲሻሻል አይነካውም። በጌሙ ዋና ፎልደር ውስጥ ፋይል የሚተኩ ሞዶች ግን በየማሻሻያው ይጠፋሉ። በኦንላይን ስትጫወቱም ሰርቨሩ የፋይሎቻችሁን ትክክለኛነት ሊፈትሽ ይችላል፣ የተቀየረ ፋይል ካገኘ አያስገባችሁም። እንዲህ ሲሆን ሞዱን አጥፉና የጌሙን ሪፔር አስኬዱ፣ የተነካውን ሁሉ ወደ ነበረበት ይመልሳል።

ከጓደኛ ጋር ስትጫወቱ ደግሞ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ሞድ፣ አንድ ዓይነት ቨርዥን ይኑራችሁ። ሚሽን ስትሠሩ ጌሙ የትኞቹ ሞዶች እንደሚያስፈልጉ ሚሽኑ ውስጥ ይጽፋል፣ ሞዱ የሌለው ሰው ሚሽኑን መክፈት ላይችል ይችላል። ሌሎች እንዲጫወቱት የምታዘጋጁት ሚሽን ከሆነ ሞድ ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ካርታን በተመለከተ እውነቱን እወቁ። የዲሲኤስ ካርታ የሚሠሩት ፈቃድ ያላቸው ቡድኖች ናቸው፣ ሶርያ፣ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ፣ ሲናይ፣ ኖርማንዲ የመሳሰሉት የሚገዙ ናቸው። ከካውካሰስና ከማሪያናስ ሌላ በነፃ የሚገኘው የመሬቱን ቀለም የሚያሻሽል ቴክስቸር ወይም ሚሽን ውስጥ የሚቀመጡ ሕንፃዎችና ተሽከርካሪዎች ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ዲስካችሁን እዩ፣ አንዱ ካርታ ብቻውን በአሥር የሚቆጠሩ ጊጋባይቶችን ይበላል።

ስኪን

ስኪን፣ ማለትም የአውሮፕላኑ የውጭ ቀለምና ምልክት፣ ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ ብዙው ነው። ኢል-2 1946 በሚባለው የውጊያ ሲሙሌተር ላይ ስኪን ማለት አንድ የቢኤምፒ ሥዕል ብቻ ነው፣ ባለ 256 ቀለም፣ ብዙውን ጊዜ 1024 በ1024። ፔይንትስኪምስ ውስጥ፣ ስኪንስ ውስጥ፣ በአውሮፕላኑ ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ትጥሉታላችሁ፣ አለቀ። በሥዕል ፕሮግራም ነካክታችሁ ሴቭ ስታደርጉት ቀለሙ ወደ 24 ቢት ከተቀየረ ጌሙ አይቀበለውም፣ መልሳችሁ ወደ 256 ቀለም ቀንሱት።

ዲሲኤስ ላይ ስኪን የሚገባው ሴቭድ ጌምስ ውስጥ ካለው ላይቨሪስ ፎልደር ነው፣ በአውሮፕላኑ ስም፣ ከዚያ በስኪኑ ስም። ሥዕሎቹ በ.ዲዲኤስ ያልቃሉ፣ ዴስክሪፕሽን.ሉዋ የሚባል ፋይልም አብሮ ይኖራል። ስኪኑ ቦታው ላይ ሆኖ ዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ ይህን ፋይል ክፈቱና ካንትሪስ የሚለውን መስመር ፈልጉ። እዚያ አንድ አገር ብቻ ተጽፎ ከሆነ ስኪኑ የሚታየው አውሮፕላኑ የዚያ አገር ሲሆን ብቻ ነው። አገር ጨምሩበት ወይም መስመሩን አንሡት። የራሳችሁን ስትሠሩ ደግሞ ዲዲኤሱን ከሚፕማፕ (ለሩቅ እይታ ከሚያገለግሉት የሥዕሉ ትንንሽ ቅጂዎች) ጋር ሴቭ አድርጉት፣ ካልሆነ አውሮፕላኑ ከሩቅ ሲታይ ቀለሙ ይብለጨለጫል።

እምቢ ሲል

አንድ በአንድ ጨምሩ። አንድ አውሮፕላን አስገቡ፣ ጌሙን ክፈቱ፣ ተነሡ፣ ተኩሱ፣ እረፉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። አሥር አውሮፕላን በአንዴ አስገብታችሁ ጌሙ መከፈት እምቢ ካለ ግን ግማሾቹን ወደ ሌላ ፎልደር አውጡና ሞክሩ። ከተከፈተ ጥፋተኛው ከወጡት ውስጥ ነው፣ ካልተከፈተ ከቀሩት ውስጥ። እንዲህ እያካፈላችሁ በሦስት በአራት ሙከራ ትደርሱበታላችሁ።

የአውሮፕላን ፎልደር ስም አትቀይሩ፣ ሚሽኖች አውሮፕላኑን የሚጠሩት በዚያ ስም ነው። ያወረዳችሁትን ዚፕም ከጫናችሁ በኋላ አታጥፉ፣ ከእነሪድሚው በአንድ ቦታ አስቀምጡት። ብዙ የቆዩ አድኦኖች የነበሩባቸው ሳይቶች ተዘግተዋል፣ እናንተ ጋ ያለው ቅጂ ነገ ላይገኝ ይችላል። ፋይሉ ዚፕ ሳይሆን ራሱን የሚጭን ኢኤክስኢ ከሆነ ደግሞ በአንቲቫይረስ ፈትሹት፣ መጀመሪያም ባዶ ፎልደር ውስጥ ፍቱትና ምን እንደያዘ እዩ።

ሪድሚው ውስጥ ሠሪው ስለ ሥራው የሚለውን አክብሩ። አንዳንዱ እንደልባችሁ ቀይሩ ይላል፣ አንዳንዱ ስሜን ጥቀሱ ይላል፣ አንዳንዱ ሳያስፈቅዱኝ ሌላ ቦታ አትጫኑት ይላል። በነፃ የሰጣችሁ ሰው የጠየቃችሁ ይህቺን ብቻ ነው። የሚሸጠውንም ሰብረው የለቀቁትን አታውርዱ። ይህን ሙያ የሚሠሩት ቡድኖች ትንንሽ ናቸው፣ የእያንዳንዱ ገዢ ክፍያ ለውጥ ያመጣል።

ስሕተት ካገኛችሁ ለሠሪው ጻፉለት። «አይሠራም» ብላችሁ ግን አይደለም። የጌሙን ቨርዥን፣ የአድኦኑን ቨርዥን፣ ሌላ ምን ሞድ እንዳበራችሁ፣ ችግሩ መቼ እንደሚመጣ፣ በንጹሑ ቅጂ ላይ ሲሞከርም ይመጣ እንደሆነ ዘርዝሩለት። ጌሙ የሎግ ፋይል የሚጽፍ ከሆነ፣ ዲሲኤስ ለምሳሌ ሴቭድ ጌምስ ውስጥ ሎግስ ፎልደር ላይ ዲሲኤስ.ሎግ ያስቀምጣል፣ እሱን አያይዙለት።